«እናንተ» ያለኝ ምሽት

ያ ቀዳዳ ባይኖር ኖሮ ዛሬ የኦቾላ ሚስት ነበርኩ። ይህንን ለብዙ ሰው ተናግሬዋለሁ፤ ሁሉም አምኖኛል። ቀዳዳው ባይኖር ኖሮ ኦቾላን እንዲያ እንደማላውቀው ግን ለማንም አልናገርም።

ናኩሩ ከተማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ የሴቶች ፀጉር እሠራለሁ። ከጎኔ ኦቾላ የወንዶች ፀጉር ቤት ነበረው። የሚለየን አንድ ስስ ቺፑድ ነው። ቴሌቪዥኑ በእሱ በኩል ስለነበር ለእኔና ለደንበኞቼ የሚደርሰን ድምፁ ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ተከታታይ ድራማው ሲጀምር ግድግዳውን እደበድባለሁ።

«ምን ሆነች?»

«አለቀሰች!» ይላል ከወዲያ፣ ቶንዶሱ እየጮኸ።

«የትኛዋ?»

«ቀይ ቀሚስ የለበሰችው!»

«ምን አድርገዋት?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ጎረቤት! የሰው ጢም ይዤ ነው ያለሁት!»

አንድ ሰኞ ጠዋት ቤቴን ስከፍት ቺፑዱ በመጋዝ ተቆርጧል። መጠኑ አንድ ትሪ የሚያሳልፍ ነው። በቀዳዳው ማዶ ቴሌቪዥኑ ወደ እኔ ዞር ብሎ ተቀምጧል፤ ከቴሌቪዥኑ ጎን ኦቾላ ምንም እንዳላጠፋ ሰው ማበጠሪያ ያጥባል።

«ግድግዳዬን ማን ቀደደው?» አልኩ በቁጣ።

«ግማሹ የእኔ ነው። የቀደድኩት የእኔን ግማሽ ነው» አለ ቀና ሳይል። «ያንቺ ግማሽ እዚያው አለ፤ ካላመንሽ ፈልጊው።»

ልቆጣው ብዬ ሳቄ ቀደመኝ። ያኔም ሳቄ ነበር የሚቀድመኝ።

ድራማውን ማየት የተውኩት በስንተኛው ሳምንት እንደሆነ አላስታውስም። እጄ ይጎነጉናል፣ ዓይኔ ግን የሚያርፈው ከቴሌቪዥኑ ትንሽ ወደ ግራ ነው። እሱም የሰው ራስ አዘንብሎ እየላጨ ድንገት ቀና ይላል። ሳንነጋገር የምንውልበት ቀን ነበር፤ ያንን ቀን የሚያህል ወሬ ከማንም ጋር አውርቼ አላውቅም።

እኔ የተራራው ወገን ነኝ፣ ኪኩዩ። እሱ የሐይቁ፣ ሉዎ። ይህ በእኛ አገር ምርጫ እስኪመጣ ድረስ ብዙም አያስቸግርም።

ከዓመታት በፊት፣ ከምርጫ በኋላ በመጣው ክፉ ጥር፣ እናቴ ሃያ ዓመት ከኖረችበት ከሐይቁ ዳር፣ ከኪሱሙ ተባርራ አንድ ፍራሽና አንድ ድስት ይዛ እዚህ አጠገብ ንጆሮ ገባች። በዚያው ወር የእኛ ወገን ጎረምሶች የኦቾላን ታላቅ ወንድም መንገድ ላይ ያዙት። ሉዎዎች በባህላቸው አይገረዙም። «ዛሬ ወንድ እናደርግሃለን» ብለው በገጀራ ገረዙት፤ ሳምንት አልቆየም። ኦቾላ ይህንን የነገረኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እጁን እየታጠበ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ። ከዚያ ወዲህ አንስተነው አናውቅም።

ለእናቴ ስለ እሱ የነገርኳት በሁለተኛው ዓመት ነው። ድንች ትልጥ ነበር።

«ስሙ ማነው?»

«ኦቾላ።»

አራት ድንች ልጣ ጨረሰች።

«ሌላ ስም የለውም?»

«አለው። ፊሊክስ።»

«እንግዲያው ለጎረቤት ስሙ ፊሊክስ ነው እንበላቸው» አለች። ከእሷ አፍ ይህ ምርቃት ነበር፤ አልቅሼ አቀፍኳት።

አጎቱና አክስቱ ከሐይቁ አገር፣ ከአሄሮ መጥተው ቤታችንን እንዲያዩ ቅዳሜ ተቀጠረ። እናቴ ከጎረቤት አሥራ ሁለት የሻይ ኩባያ ተዋሰች፤ ደጋግማም አጠበቻቸው።

የፕሬዚዳንት ዕጩዎቹ የቴሌቪዥን ክርክር የዋለው በዚያው ሳምንት ሰኞ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የኦቾላ ቤት እስከ ደጃፉ ሞላ። በእኔም በኩል ሁለት ሴቶች ፀጉራቸው እንደተፈታ አንገታቸውን ወደ ቀዳዳው አስግገዋል። ዕጩዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ የተራራው፣ አንዱ የሐይቁ። መጀመሪያ ላይ ጨዋታው ደስ ይል ነበር።

«ክራቫቱን አያችሁት? ሚስቱ ናት ያሰረችለት!»

«ልታንቀው ፈልጋ ነዋ!»

«አንተ ዝም በል፣ ያንተ ሰው ከመጣ ጀምሮ ያወራው ስለ አያቱ ነው!»

ጋቶጎ የሚባል የሰፈራችን ሥጋ ሻጭ ኦቾላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ግማሽ ራሱን ተላጭቷል። ጠያቂዋ ስለ መሬት ስትጠይቀው የሐይቁ ዕጩ ወረቀቱ ከእጁ አምልጦ ተበተነ። ጎንበስ ብሎ መልቀም ጀመረ። ይሄኔ ጋቶጎ በኪኩዩ አንዲት ቃል ጮኸ። ያልተገረዘ ልጅ ማለት ናት። በእኛ ዘንድ ሰባ ዓመት የሞላው ሽማግሌም ካልተገረዘ ልጅ ይባላል፤ ከዚያች ቃል የከፋ ስድብ የለንም። ኦቾላ ኪኩዩ አይናገርም፣ ያቺን ቃል ግን ያውቃታል።

ጋቶጎ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ፤ ጨርቁ አንገቱ ላይ እንደታሰረ፣ ግማሽ ራሱ ጥቁር፣ ግማሹ እንደ ተላጠ ድንች። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ። ኦቾላ ቀና ሲል በቀዳዳው በኩል ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። አፌን ገና አልገጠምኩም ነበር።

«ተቀመጥ፣ ግማሹ ይቀርሃል» አለው ጋቶጎን በቀስታ።

የቀረውን ላጨው። አንድ ቦታ እንኳ አልጫረውም። አንገቱን በፎጣ ጠረገለት፣ ጨርቁን አራግፎ አጠፈ። ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠብቆ ወደ እኔ በር መጣ። ደፍ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም።

«ለምን ሳቅሽ?»

«በጭንቅላቱ ነው፣ ኦቾላ! አላየኸውም እንዴ? ግማሹ ተላጭቶ ሲዘል!»

«በጭንቅላቱ።»

«እሙት!»

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«እናንተ ስትጠየቁ ሁልጊዜ የምትስቁት በሌላ ነገር ነው» አለ።

«እናንተ ማን?»

ዞሮ ሄደ። ሁለት ዓመት ሙሉ «አንቺ» ብሎኝ ነበር፤ «አንቺ ጎረቤት»፣ «አንቺ ነገረኛ»፣ «አንቺ የኔ»። በዚያች አንዲት ቃል ከአጠገቡ አንስቶ ከእነጋቶጎ ጋር፣ ገጀራ ከያዙት ጋር አቆመኝ።

በማግስቱ ከተማው ሁሉ የሚያወራው ስለ ክርክሩ ነበር። የተሳፈርኩበት ማታቱ ታክሲ ውስጥ ግማሹ ሰው «የሐይቁ ሰውዬ አለቀለት» ይላል፣ ግማሹ በመስኮት ያያል። በቆሎ የምትጠብሰው ሴትዮ ለደንበኛዋ «ለእናንተ አልሸጥም» ስትል ሰማኋት፤ ቀልዷን ይሁን የምሯን አላውቅም። በቀትር ዜና ጋዜጠኛ ኪሱሙ ወርዶ ወጣቶች ስለ ክርክሩ ምን እንደተሰማቸው ጠየቀ። አንዱ ወደ ካሜራው ተጠግቶ «የሳቁብን ይስቁ፤ ዘንድሮ አንዳቸውም እዚህ አይቀሩም» አለ።

እናቴ ንጆሮ ሆና ይህንን አየች። ሻርፗን ለብሳ ወጣችና ኩባያዎቹን ለጎረቤት መለሰች።

ረቡዕ አንዲት ደንበኛ እየሠራሁ መዶሻ ሰማሁ። ኦቾላ ቀዳዳውን በጣውላ እየደፈነው ነው። ምቱ ከወዲያ ይሰማል፣ የሚስማሩ ጫፍ በእኔ በኩል ብቅ ይላል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ደንበኛዬ «ኧረ ዓይንሽን እንዳይወጋሽ፣ እህቴ» አለችኝ። እጄን ግድግዳው ላይ አሳረፍኩ። እንደ ድሮው ደብድቤ «ምን ሆነ?» ብል ይመልስልኝ እንደነበር አሁንም አምናለሁ። አልደበደብኩም። የምነግረው እውነት አንድ ብቻ ነበር፣ ያንን ለመናገር ደግሞ ፈራሁ።

ቅዳሜ እናቴ ቤት ሄድኩ። ጠረጴዛው ተጠርጓል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ኩባያ ተደፍቷል።

«ሁሉንም አልመለስሽም?»

«ምናልባት ብቻውን ቢመጣ ብዬ ነው» አለች፣ ፊቷን አዙራ። «ምናልባት።»

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተቀመጥን። ኦቾላ ዓርብ ዕለት ቶንዶሱንና ቴሌቪዥኑን ጭኖ ሄዶ ነበር። ምርጫ ሲደርስ ሰው ሁሉ ወደየወገኑ አገር ይሄዳል፤ አንዳንዱ ይመለሳል። እሱ አልተመለሰም። ምርጫው በሰላም አለፈ፤ እኔ ላይ የደረሰውን የቆጠረው የለም።

አምስት ዓመት ሆነ። በኦቾላ ቤት አሁን ሙቱኩ የሚባል ስልክ ጠጋኝ ገብቷል። ባለፈው ሳምንት ዕጩዎቹ እንደገና ሊከራከሩ ሲሉ ሙቱኩ ብቅ ብሎ «ይቺን ጣውላ ልንቀልልሽና አብረን እንይ?» አለኝ።

«ተወው። ድምፁ ይበቃኛል» አልኩት።

ክርክሩ ሲጀመር ወዲያ ማዶ ሰው ይስቃል፣ ይሳደባል። እኔ ፊት ለፊቴ ያሉትን የሚስማር ጫፎች አያለሁ፤ ዝገዋል።

ከላይ ስነግራችሁ አንድ ቦታ ላይ ቅደም ተከተሉን አዛብቼዋለሁ። ጋቶጎ ቃሏን የጮኸው ተቀምጦ ነው። ዘሎ የተነሳው በኋላ ነው። እኔ የሳቅኩት ከመነሳቱ በፊት ነው። የወንድሙን ነገር እያወቅኩ፣ ቃሏን ሰምቼ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ስትባል ሲሳቅ ስለማውቅ ሳቅኩ። ጭንቅላቱ የመጣልኝ ሰበብ ሆኖ ነው።

ኦቾላ አሄሮ ውስጥ አግብቶ ሁለት ልጆች እንደወለደ ሰው ነግሮኛል። የስልክ ቁጥሩ ግን አልተለወጠም። ስልኬን አውጥቼ ጻፍኩ። «ዋይሪሙ ነኝ። ያን ቀን የሳቅኩት በጭንቅላቱ አልነበረም። በቃሏ ነው። ይቅር በለኝ።»

መልሱ የመጣው ክርክሩ አልቆ ሙቱኩ ቴሌቪዥኑን ሲያጠፋ ነው።

«አውቅ ነበር። ያኔ ብትነግሪኝ ቅዳሜ እመጣ ነበር።»

ደጋግሜ አነበብኩት። «ብትነግሪኝ» ነው ያለው፤ «ብትነግሩኝ» አላለም።