አስማሚው የጠፋ ዕለት

በአዳማ፣ ከአየር ባቡሩ ጣቢያ ሥር ባለችው ትንሽ የሥዕል ጋለሪ ውስጥ ጣት መቀሰር ነውር ነበር። "እስቲ ያንን እይ" ብሎ አጠገብ ለቆመ ሰው ማሳየትም እንዲሁ፤ አጠገብ የቆመው የሚያየው ሌላ ነዋ። ከየሥዕሉ በላይ አስማሚ ተሰቅሏል፤ አስማሚ የተመልካቹን ዓይን አንብቦ፣ ለዚያ ዓይን ብቻ የሚወደውን መልክ በሸራው ላይ የሚረጭ መብራት ነው። ሐዘንተኛውን ያጽናናል፣ ኩሩውን ያሞግሳል። ሥዕል የሚሣለውም የሚታየውም በእሱ ሥር ነው። በሥዕል ምክንያት የተጣላ ሰው ከታየ ዘመን አልፏል፤ ጸጥታ ብቻ!

ትርሲት የመጀመሪያዋን የግል ዐውደ ርእይ የከፈተችው በዚያ ዕለት ከሰዓት ነው። የመጨረሻዋም ሊሆን ይችል ነበር። የጋለሪው ባለቤት ጋሽ ደምረው ለጀማሪ ሠዓሊ በራቸውን የሚከፍቱት አንዴ ነው። ተመልካቹ ሲወጣ የበሩ መቃን እርካታውን ይለካል፤ መቃኑ ከቀላ ያ ሠዓሊ ከዚያ ወዲያ የትም አይሰቅልም።

መሃል ግድግዳው ላይ የሰቀለችው የአባቷን ምስል ነበር። አቶ ጋሻው የባቡሩን ሐዲድ ሲበይዱ ኖረው ባለፈው ክረምት አረፉ። ስትሥላቸው አልቅሳለች፤ ሥዕሉም አምሮላት ነበር።

ባቡር በላያቸው አለፈ። ጣሪያው ተንቀጠቀጠና አስማሚዎቹ ብልጭ ብለው ድርግም አሉ። ከበሩ የገባው የከሰዓት ፀሐይ ብቻ ቀረ።

ትርሲት ወደ ሥዕሉ ዞር አለች። አንደኛው ዓይን ከሌላው ዝቅ ብሏል። አንገቱ አረንጓዴ ነው። እጁማ አካፋ ያክላል። በቤቷም በትምህርት ቤቷም ያደገችው በአስማሚ ብርሃን ነውና የገዛ እጇን ሥራ እስከዚያች ሰዓት አይታው አታውቅም ነበር። ለካ እሷንም ሲያባብላት ኖሯል! ከመናደዷ ይልቅ ማፈሯ ባሰ።

"ጋሼ፣ ቶሎ ያብሩት!" አለች። ጋሽ ደምረው ትርፍ አስማሚና መሰላል ሊያመጡ ወደ ጓዳ ሮጡ።

"ኧረ የፈጣሪ ያለህ! ይሄማ ወንድሜ አይደለም!" ብለው ጮኹ አክስቷ እትዬ የሺመቤት።

"እንዴት አይደለም? እሱ ራሱ ነው እንጂ!" አሉ ከአባቷ ጋር አብረው ሲበይዱ የኖሩት አቶ ባንተይርጋ። "እጁን አያዩትም?"

"የቱን እጅ? እኔ የማየው ሌላ ይሆናል።"

"ይሄንን!" አሉና አቶ ባንተይርጋ ነውሩን ረስተው ጣታቸውን ቀሰሩ። "አውራ ጣቱን ይዩት፣ ጠባሳውን። ብየዳው ያቃጠለው ዕለት አጠገቡ ነበርኩ።"

እትዬ የሺመቤት የተቀሰረውን ጣት ተከትለው አዩ። ወደ ሸራው ጠጋ አሉ። "ያ ጣቱ ነው" አሉ። "እንደዚህ አብጦ ነበር የከረመው።"

ትርሲት አንዱን፣ ከዚያም ሌላውን ተመለከተች። ሁለት ሰው አንድ ጠባሳ ማየቱ ነው! ደረቷን አንድ ነገር ሞቅ አደረጋት።

ጋሽ ደምረው መሰላሉን ይዘው ሲደርሱ ትርሲት የመሰላሉን እግር ጨምድዳ ያዘች።

"አይበራም።"

"ልጄ፣ አበድሽ? መቃኑ ድራሽሽን ነው የሚያጠፋው!"

"ያጥፋው። አስቀያሚም ከሆነ የእኔ አስቀያሚ ነው፤ ሰው ይየው። መብራቱን የሚወድ እቤቱ ሄዶ ያብራ!"

"ነግሬሻለሁ፤ ኋላ በእኔ እንዳታሳብቢ" አሉ ሽማግሌው። ያም ሆኖ መሰላሉን አልታገሏትም፤ ግድግዳው ላይ አስደግፈው ትተውት ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ክፍሉ ገበያ ሆነ። አንዱ ዓይኑ ተዛብቷል ይላል፣ ሌላው እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን እንዲያ ነው ይላል። ዕድሜ ልካቸውን የታቀቡ ጣቶች ተቀሰሩ። ትርሲትን የሚሰድቧትም ነበሩ፤ እሷም አንገቷን ቀና አድርጋ መለሰችላቸው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጋሽ ደምረው መቃኑን አዩት። አልቀላም። የተበላሸ መስሏቸው በመዳፋቸው መቱት፤ ደኅና ነው። ከገቡት አንድም ሰው አልወጣም ነበርና የሚለካው አጥቶ ነው።

እትዬ የሺመቤት የትርሲትን ክንድ ይዘው ጎተቷት።

"ጣቱስ ይሁን። ይሄ አንገት ግን ውሸት ነው። አረንጓዴ ሰው የት አይተሽ ታውቂያለሽ?" ጣታቸውን ቀሰሩ። "እይው!"

ትርሲት አየችው። እውነታቸውን ነበር፤ አረንጓዴ ነው። ለሁለቱም እኩል አረንጓዴ።