ሆደ ባዶዎቹ ጡቦች

ሽማግሌው የመጫወቻ ጡብ ሠሪ ከቤታቸው ደረጃ ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። አጠገባቸው ሰባት የፕላስቲክ መጫወቻ ጡቦች ተበታትነው ነበር። ለቅሶ የመጣው ሁሉ መጀመሪያ ጡቦቹን አየ፤ ቀጥሎ የስድስት ዓመቷን የልጅ ልጃቸውን፣ ሚጢጢን። አፍ አውጥቶ የተናገረ የለም። ሴት አያቷ ግን ገባቸው። ባሌን አፈር በላው፣ ልጅቷን ደግሞ ሐሜት ሊበላት ነው ሲሉ በሆዳቸው አነቡ። ሚጢጢም ከዚያ ወዲህ ጡብ አልነካችም፤ እህል እንኳ በልመና ነው የምትቀምሰው።

በሦስተኛው ቀን መርማሪዋ መጣች። ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ያገኘችውን ዕቃ ሁሉ ገልብጣ የምታይ ሴት ናት። የሟቹ ጡብ የሚመረትበት ፋብሪካ ፎርማን እሳቸው በሞቱበት ዕለት ጠዋት ናሙና አድርሶ መሄዱን አልደበቃትም። ሐሙስ በሚከፈተው የጡቡ ታሪክ ዐውደ ርዕይ ላይ ስሙ አለመነሳቱ እንዳንገበገበውም አልካደም። ከመጀመሪያዎቹ የድሮ ጡቦች አንዲት ለማሳያ ቢፈልግ፣ የሟቹ ታላቅ ወንድም የተረፉትን ሁሉ ለቅመው ቤታቸው ቆልፈውባቸው አልሰጥም ማለታቸውንም አጫወታት።

ታላቅ ወንድም ደግሞ ለሳምንት ወደዚህ ዝር እንዳላሉ ተናገሩ። ስለ ዐውደ ርዕዩ ስታነሳባቸው ፊታቸው ጠቆረ።

«የመጀመሪያውን ጡብ የሠራሁት እኔ ነኝ። እሱ ጡቡ ሆድ ውስጥ ማያያዣ ቱቦ ጨመረና ስሙን ወሰደ። የሱ ጡብ ደጃፌን ረግጦ አያውቅም።»

መርማሪዋ ሚጢጢ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሰባቱን ጡቦች ዘረጋችላት። አያቷ «ተዪ ልጄ፣ አታስታውሻት» ሊሉ ከጅለው ዋጡት።

«ግንብ ትሠሪልኛለሽ?»

ሚጢጢ ሁለቱን ደራርባ አነሳች። የታችኛው ወደቀ።

«አይያያዙም» አለች። «የኔ አይደሉም።»

መርማሪዋ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ከላይ ሲታዩ ከሚጢጢ ጡቦች ጋር መንታ ናቸው» አለች አንዱን እየገለበጠች። «ይኸው፣ ቱቦ የለውም። የሚጢጢ ጡቦች ሁሉም አላቸው፤ ስለዚህ ከእሷ ሳጥን አልወጣም። ከፋብሪካም አልመጣም፤ የድሮው ቅርጽ ማውጫ ከቀለጠ ሠላሳ ዓመቱ። የቀሩት ያሉት አንድ ቤት ነው። ጋሼ፣ በልጅቷ ለማላከክ የወንድምዎን ጡብ መግዛት ነበረብዎት። ቅናትዎ አላስገዛዎትም።»

ታላቅ ወንድም ከጡቦቹ አንዱን አንስተው መልሰው አስቀመጡት።

«ደረጃው ላይ የበተንኳቸው እንዲሞት አልነበረም። እግሩ ተሰብሮ ሐሙስ መድረክ ላይ እንዳይቆም ነው።»

አያት ብድግ አሉ። ዕድሜ ልካቸውን አንቱ ያሏቸውን ሰው ያን ቀን አንተ አሏቸው።

«በባሌስ ቀናህ። ይቺ ምን አደረገችህ?»



ሰው ሁሉ ሲሄድ አያት የሚጢጢን የጡብ ሳጥን አምጥተው ምንጣፉ ላይ ዘረገፉት። ሚጢጢ ፈራ ተባ እያለች ቀይዋን አነሳች።

«ደረጃው ጋ አልጥልም፣ እሺ?»

«የትም ጣዪው፣ የኔ እናት» አሏት። ፍርሃት መች ይለቃል፤ እሷ ስትጫወት ጎንበስ ብለው ደረጃውን አንድ በአንድ በእጃቸው ዳሰሱ።