የእንደራሴ ብሩሳር የተቃውሞ ድምፅ

እንደራሴ ቴዎፊል ብሩሳር ከአልጋው ወርዶ፣ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ቀኝ እጁ ወደ ምድጃው ተዘርግቷል። ከምድጃው በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ፣ እጁ ሊደርስበት በማይችል ርቀት፣ የልብ መድኃኒቱ ጠርሙስ እንደሞላ ቆሟል።

መርማሪ አናቶል ፎሬ ጎንበስ ብሎ ሬሳውን፣ ቀና ብሎ ጠርሙሱን አየና ላቡን ጠረገ። የባተን ሩዥ ከተማ የሐምሌ ሙቀት ለሕያውም ለሙትም አይመችም።

«መድኃኒቱን ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚያስቀምጠው?» ሲል የማረፊያ ቤቱን ባለቤት ጠየቃት።

«ኧረ ምን ሲደረግ! ከትራሱ ሥር ነው እንጂ። ያለሱ ሽንት ቤት እንኳ አይሄድም ነበር፣ ነፍሱን ይማረው።»

ፎሬ ወንበር ላይ የተሰቀለውን ኮት አነሳ። የደረቱ ቁልፍ ማስገቢያ ተቀዷል። ከመታጠቢያው ሳህን ውስጥ አንድ የተጨመደደ ቢጫ ጽጌረዳ ተንሳፍፏል። ካልጋው ራስጌ ያለው ሾርባ ማንም ሳይነካው ረግቷል።

ትናንት ከተማው ሁሉ ሲያማ የዋለው ይህንኑ ሰው ነበር። ምክር ቤቱ የሴቶች የመምረጥ መብት ይጽደቅ አይጽደቅ ብሎ ድምፅ ሲሰጥ፣ ብሩሳር የመብቱ ደጋፊዎች ምልክት የሆነውን ቢጫ ጽጌረዳ ደረቱ ላይ እንደሰካ ተነስቶ «እቃወማለሁ» አለ። ጉዳዩ በጥቂት ድምፅ ልዩነት ወደቀ። ላይ የተመልካቾች ሰገነት የነበሩት ሴቶች ጆሯቸውን አላመኑም። ከመካከላቸው ታላቅ እህቱ ኦዲል ነበረች፤ እናታቸው በቢጫ ወባ ከሞተች ወዲህ እንደ ልጇ ያሳደገችው። «ወንድሜን ምረጡት፣ የሴቶችን መብት ያጸድቃል» እያለች በረግረጉ መንደር ሁሉ ደጅ ስትጠና የከረመችውም እሷ ናት።

ማታ ወደ ብሩሳር ክፍል ሲገቡ ባለቤቷ ያየቻቸው እንግዶች ሁለት ነበሩ። ፎሬ በኋለኛው ጀመረ፤ መብቱን የሚቃወሙት የስኳር ባለእርሻዎች ጉዳይ አስፈጻሚ በሆነው በክሌበርን ዴስፖ።

«እኔ ልግደለው? የራሴን ሰው?» አለ ዴስፖ። «ውስኪ ይዤለት ነው የሄድኩት። መጠጥ በሕግ ክልክል ነው አይበሉኝ እንጂ፣ እርስዎም ሲያገኙ አይጠሉም።»

«ምን አወራችሁ?»

«አመሰገንኩት። ‹ያን አበባ አውልቀው እንጂ፣ ሰርጉ አለቀ› ስለው ዳበስ አድርጎት ፈገግ አለ። ስወጣ እህቱ ሾርባ ይዛ ስትገባ ደረጃው ላይ ተላለፍን።»

«አበባው ያኔ ኮቱ ላይ ነበር?»

«እንደ ሙሽራ!»

ከዴስፖ ቀድማ መጥታ የሄደችው የሴቶቹ ማኅበር መሪ ላቪኒያ ሆልኮም ናት። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«ለከዳዎት ሰው ይህን ያህል ልቅሶ?» አላት ፎሬ።

«የፈለጉትን ያስቡ።»

«ዛሬ ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ ምን ይጠብቃሉ?»

«አሁን? አሁንማ ምንም።»

ኦዲል እዚያው ማረፊያ ቤት ባለው ክፍሏ ጥቁር ለብሳ፣ እጇን አጣምራ ጠበቀችው። አላለቀሰችም።

«ራሴን አሞኝ በጊዜ ተኛሁ። ወደሱ ክፍልም አልሄድኩ፣ የሰማሁትም የለም።»

«እራቱን ማን አቀረበለት፣ እትዬ ኦዲል?»

«እኔ እንጃ። ጓደኞቹ ያቅርቡለት፤ አሁን የነሱ አይደል?»

ፎሬ ከዚህ በላይ አልጠየቃትም። ረፋዱ ላይ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰባቸው።

«ማን ጠላው ብዬ ብነሳ ግማሽ ከተማ ማሰር ነበረብኝ» ሲል ጀመረ። «ስለዚህ ማን ምን ያውቅ ነበር ብዬ ጠየቅኩ። አንድ ሰው መድኃኒቱን ከትራሱ ሥር አንስቶ አርቆታል። አበባውንም ከኮቱ ነጥቋል፤ አበባ የሚነጥቅ ደግሞ የተናደደ ሰው ነው። አቶ ዴስፖ፣ እርስዎ ብሩሳር የእርስዎ ሆኗል ብለው አምነዋል። ሰው የራሱን ትርፍ አይገድልም።»

«እኮ!» አለ ዴስፖ።

«ወይዘሮ ሆልኮም ግን አንድ ነገር ያውቁ ነበር። በምክር ቤቱ ደንብ፣ የወደቀ ጉዳይ በማግስቱ ‹እንደገና ይታይ› ማለት የሚችለው ከአሸናፊዎቹ ጋር ድምፅ የሰጠ ሰው ብቻ ነው። ትናንት እንደሚሸነፉ አውቀው ነበር። ስለዚህ አንድ የራስዎ ሰው ‹እቃወማለሁ› ማለት ነበረበት። ተሳሳትኩ?»

«አልተሳሳቱም» አለች ሆልኮም። «ትናንት ያልነበሩት ደጋፊዎቻችን ዛሬ ጧት በባቡር ገብተዋል። እሱ ተነስቶ ቢጠይቅ እናሸንፍ ነበር።»

የዴስፖ አፍ ተከፈተ። ኦዲል ግን ገና አሁን ቀና አለች።

«ምን ማለት ነው?» አለች። «ምን ማለታችሁ ነው?»

«አልከዳም ማለት ነው፣ እትዬ ኦዲል» አለ ፎሬ፤ ይህን መናገር ከሬሳው በላይ ከበደው። «ዴስፖ ሲወጣ አበባው ኮቱ ላይ ነበር፤ ከዴስፖ በኋላ የገባው ሾርባ የያዘ ሰው ነው። ሾርባው ክፍሉ ውስጥ ነው። ከሦስታችሁ፣ ከዳ ብሎ አምኖ በዚያ የሚቆጣም እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ኦዲል ተናገረች።

«ልቡን ይዞ አልጋው ላይ ወደቀ። ጠርሙሱን አንስቼ ‹መጀመሪያ ለምን እንደሸጥከን ንገረኝ› አልኩት። ‹ነገ፣ እታለም… ነገ…› አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ከወንዶች አፍ የሰማሁት ነገ ነው! መደርደሪያው ላይ አስቀምጬለት ወጣሁ። ትንሽ ይጨነቅ ብዬ ነበር። ትንሽ ብቻ። ስመለስ…» ከዚያ ወደ ሆልኮም ዞረች። «ለምን አልነገረኝም?»

«ለምኖኝ ነበር። ‹ለእህቴ ብቻ ልንገራት፣ ፊቷን ማየት አልችልም› አለኝ። እኔ ነኝ የከለከልኩት።»

«ለምን?»

ሆልኮም መሬት መሬቱን አየች። «‹ምስጢር ሴት ጋ አይቆይም› አልኩት።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉሃል ይህ ነው፤ ግን የሁለቱንም ፊት ላየ ተረት አይመጣለትም። ዴስፖ እንኳ ባርኔጣውን አንስቶ ሹልክ አለ።

ኦዲል ወደ እስር ቤት ከመሄዷ በፊት የምክር ቤቱን ሰገነት ማየት ለመነች። ፎሬ ደንብ ቢጥስም ወሰዳት። ታች አፈ ጉባኤው፣ ትናንት ከተቃወሙት መካከል ጉዳዩ እንደገና ይታይ የሚል እንዳለ ጠየቀ። ወረቀታቸውን ያገላብጣሉ፣ ይራገባሉ እንጂ የተነሳ አልነበረም።

ኦዲል ብድግ አለች። «ወንድሜ አለ! እንደገና ይታይ ይላል!»

ታች ያሉት ዞረው አዩአት፤ አንዳንዶቹ ሳቁ። የሰገነቱ ዘበኛ ቀስ ብሎ ክንዷን ያዛት። ክፉ ሰው አልነበረም፣ እንዲያውም አዘነላት።

«ይቀመጡ፣ እናቴ» አላት። «እዚህ ድምፅ የለዎትም።»

ተቀመጠች።