ያልገጠመው ጥርስ

እናንተዬ፣ ጎረቤታችን አናጢው ተጫዋች ሰው ነበር። የተቦረቦረ መንጋጋ ጥርሱን አስሞልቶ ከመጣ ወዲህ ግን ወሬው ሁሉ ጥርስ ሆነ። «የላዩና የታቹ አልገጠመም» ይላል። የጥርስ ሐኪሟ ቀለም ያለው ወረቀት አስነክሳ አየችው፤ ሙሌቱንም ትንሽ አለዘበችለት። በመጨረሻ «አሁን ልክ ነው፤ ከዚህ በላይ ብነካው ጤነኛ ጥርስዎን ማበላሸት ነው» አለችው። እሱ ግን ወይ ፍንክች! እንጨት እየለካ ጥርሱን ነክሶ ይሞክራል፣ ሰው እያናገረው ነክሶ ይሞክራል። የታዘዘው ቁም ሣጥን ያለ በር ቆሞ ቀረ።

«እስኪ እዪልኝ፣ በግራ በኩል ከፍ አይልም?» እያለ ሚስቱን በባትሪ አፉን ያሳያታል። እሷም መጀመሪያ አየችለት፣ አባበለችው። ኋላ ግን ሰለቻት። አንድ ቀን ምሳው ቀርቦ ገና ሳይጎርስ ጥርሱን ማንቀጫቀጭ ሲጀምር ቱግ አለች።

«አቦ አሰለቸኸን! በር አልገጥም ሲልህ ትልገው የለ? እሱንም ሞርደውና እንረፍ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እሷ ንዴቷን ተናገረች፤ እሱ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ያልገጠመውን እየላገ ሲያገጥም የኖረ ሰው ነው። ከሰዓት በኋላ ወደ መሥሪያ ክፍሉ ብትገባ፣ መጋዝ የሚስልበትን ሞረድ ይዞ፣ ከንፈሩ ደም በደም ሆኖ አገኘችው። ጤነኛው ጥርሱ ተሸርፏል።

«አሁንስ ገጠመ?» አላት።

«ውይ በሞትኩት!» ብላ ደረቷን መታች፤ ይዛውም ወደ ጥርስ ሐኪሟ በረረች።

ሐኪሟ ቁስሉን አክማ ስታበቃ፣ «ጥርሳቸው ደህና ነበር። ያሠቃያቸው ከሐሳባቸው አልወጣ ያለው ነገር ነው። ለዚህም ሐኪም አለው» አለቻት ሚስቱን።

«አብዷል ማለትዎ ነው? ሰው ምን ይለናል?» አለች ሚስት።

«አላበዱም፤ ተጨንቀዋል። ሰው ያለውን ይበል፤ ሕመሙ የእሳቸው ነው።»

ሚስት የባሏን ያበጠ ከንፈር አይታ አቀረቀረች። ወደ ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ እጁን ያዘችው።

«ይቅር በለኝ፣ እኔ ነኝ ያስጎዳሁህ።»

«አንቺማ ምን አጠፋሽ? እንድገላገል ብለሽ እኮ ነው የመከርሽኝ» አላት።

ይሄ ከስድብ ሁሉ ባሰባት፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። በሳምንቱ ራሷ ይዛው ወደ አእምሮ ሐኪም ሄደች።

ወገኖቼ፣ ጭንቀቱ ለእኛ ተራ ቢመስለንም ለሰውየው ሥቃይ ነው። ሲሰለቸን ዝም እንበል፣ ወይም ሐኪም ዘንድ እንውሰደው። ያቺ ሴት እስከ ዛሬ ባሏ ስቆ ያ የተሸረፈ ጥርሱ በታየ ቁጥር ፊቷን ታዞራለች።