ሰሌዳውን ይድገሙልኝ

ሰው ፍቅሩን ሠርግ ቤት ያገኛል፣ ካፌ ያገኛል፣ ዕድል ከቀናው ታክሲ ሰልፍ ላይ ያገኛል። እኔ የኔን ያገኘሁት «ተጎጂ አለ?» ብዬ ጠይቄ ነው።

ሥራዬ ቡራዩ ውስጥ፣ ሁለት ጠረጴዛ ብቻ ባላት ቢሮ ተቀምጬ የመንገድ አደጋ ጥሪ መቀበል ነው። ከሰበታ እስከ ሱሉልታ መኪና ሲገለበጥ፣ ዛፍ ሲወድቅ፣ ጎርፍ መንገድ ሲቆርጥ መጀመሪያ የምንሰማው እኔና ባልደረባዬ ደራርቱ ነን። ከሚደውልልን ሰው ግማሹ ተሳስቶ ነው፤ ሩቡ ሊቀልድ ነው። የቀረው ደንግጦ ስለሚጮህ የት እንዳለ እንኳ ለመናገር ጊዜ ይፈጅበታል።

አንድ ቀን ግን ረጋ ያለ ድምፅ ደወለ።

«ጤና ይስጥልኝ። ከዓለም ገና አለፍ ብሎ አስፋልቱ ላይ ድንጋይ አለ።»

«ተጎጂ አለ?»

«እስካሁን የለም። እንዳይኖር ብዬ ነው የደወልኩት።»

ነገሩን አውቀዋለሁ። የጭነት መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ ሹፌሩ ከኋላው ድንጋይና ቅጠል ይደረድራል። መኪናው ሲጠገን ሁሉንም እንደነበረ ትቶ ይሄዳል። ሹፌሩ ቤቱ ገብቶ እራቱን ሲበላ ድንጋዩ ሌላ መኪና ይጠብቃል።

«ታዲያ ለምን አያነሱትም?» አልኩት። ቁርስ አልበላሁም ነበርና ትሕትናዬ ተሟጦ ነበር።

«ሰባቱን አንስቻለሁ። ስምንተኛው ለብቻዬ እምቢ አለኝ።»

ሳቄ አመለጠኝ። የኛ መስመር ይቀዳል፤ ያ ሳቅ እስከ ዛሬ የሆነ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል።

በሁለት ወር ውስጥ አምስት ጊዜ ደወለ። አንዴም ለከንቱ አልደወለም። ደራርቱ ቁጥሩን ስታይ ስልኩን ሳታነሳ ወደኔ እየገፋች፣ «ሐኒ ኮ፣ የድንጋዩ ሰውዬ ነው» ትለኝ ጀመር፤ «ኮ» በኦሮምኛ «የኔ» ማለቷ ነው። በመስመሩ ላይ ደዋይን «እርስዎ» ማለት ግዴታ ነው። እሱም «እርስዎ» ይለኛል። ሁለታችንም ሠላሳ ዓመት ሳይሞላን እንደ ትልልቅ ሰዎች ስንከባበር ከረምን።

አንድ ቅዳሜ አክስቴን ልጠይቅ ወደ ሰበታ ስሄድ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ዓለም ገና ላይ ቆመ። ፊት ለፊት ባለ ተሳቢ መኪና ፍሬቻውን እያብለጨለጨ ቆሟል። ሲሚንቶ ፀጉሩን ያነጣው ወጣት ድንጋይ ታቅፎ ወደ ዳር ይወስዳል። ሹፌራችን ጥሩንባውን አላቆም አለ።

«ወንድሜ፣ አንዴ ታገሠኝ፤ ለአንተም ነው» አለ ወጣቱ።

ድምፁን እንደሰማሁ ወረድኩ። እግሬ ነው ያወረደኝ፤ እኔማ አክስቴ ዘንድ ነበር የምሄደው። ከኋላው ቆሜ፣ «ተጎጂ አለ?» አልኩት።

ድንጋዩን እንደታቀፈ ዞረ። አየኝ። ድንጋዩ እንደሚከብድ ረስቶ አየኝ።

«እስካሁን የለም» አለ። ድንጋዩን መሬት አስቀመጠና፣ «አሁን ግን አንድ ሰው ሳይኖር አይቀርም» አለ።

ሚኒባሱ ጥሎኝ ሄደ። አማኑ፣ ስሙ ይህ ነው፣ እስከ ሰበታ በተሳቢው አደረሰኝ። አክስቴ በሩን ከፍታ ጥቁር ቀሚሴ ላይ ያለውን ሲሚንቶ ስታይ ግንበኛ ያገባሁ መስሏት ነበር።

በመንገድ ላይ መቼ እንደሚደውል በምን እንደሚወስን ጠየቅኩት።

«ሁለት ጥያቄ አለኝ» አለ። «እጄ ይችለዋል? ከቻለ አነሳዋለሁ። ካልቻለስ፣ ከኋላዬ የሚመጣው ሰው ያየዋል? አያየውም ካልኩ እደውላለሁ።»

«ሌሎቹ ሹፌሮች ምን ይሉሃል?»

«ጠቋሚ» አለና ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። ያቺን ቃል ቤቴ ውስጥ አውቃታለሁ።

አባቴ ሳህሉ ሠላሳ አንድ ዓመት መሪ ጨብጧል። ቤታችን ሱሉልታ ነው፤ ከዚያ ወደ ገላን ድርቆሽ ያመላልሳል። «ሹፌር ከሹፌር ጋር በመብራት ይነጋገራል» ይላል። «ስልክ አንስቶ ፖሊስ የሚጠራ ሹፌር ሹፌር አይደለም፤ ጠቋሚ ነው።» በመጀመሪያ ደመወዜ መንገድ ላይ የሚቆም አንጸባራቂ ትሪያንግል ገዝቼለት ነበር። ደስ ብሎት፣ እንዳይሰበር ብሎ፣ ከነላስቲኩ ሳሎን ቡፌ ውስጥ አስቀመጠው። እንግዳ ሲመጣ ያሳያል። መንገድ ላይ ግን ያው ድንጋዩን ይደረድራል። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

ከአማኑ ጋር ስምንት ወር ሆነን። ስምንት ወር ሙሉ መንገድ ስመለከት ደስ የሚለኝ ሰው ሆኜ ነበር። መስከረም ላይ ሽማግሌ ሊልክ ተስማማን። የሽማግሌዎቹ አለቃ ዓለም ገና መለዋወጫ የሚሸጡት ኦቦ ዲኖ ናቸው። አማኑ አባቴን አይቶት አያውቅም፤ ሽማግሌ ሳይገባ አይሆንም።

ነሐሴ መጨረሻ፣ ጠዋት ላይ፣ ስልኩ ጮኸ።

«የድንገተኛ ጥሪ ማዕከል። ምን ልርዳዎት?»

«ጤና ይስጥልኝ እመቤቴ» አለ አማኑ። «ሱሉልታ፣ የጥዱ ኩርባ ላይ ድርቆሽ የጫነ መኪና ተበላሽቶ ግማሽ መንገድ ይዟል። ሹፌሩ የለም። ከኋላው ያለው ድንጋይና የባሕር ዛፍ ቅጠል ብቻ ነው። ጭጋጉ ዓይን ይይዛል። የራሴን ትሪያንግል አቁሜያለሁ፤ ግን አይበቃም።»

«የሰሌዳ ቁጥሩ?»

ነገረኝ። ጣቴ ባለበት ቀረ።

«ሰሌዳውን ይድገሙልኝ።»

ደገመው። ቁጥር መጻፍ የተማርኩት ከዚያ ሰሌዳ ላይ ነው፤ አባቴ ኖራ ሰጥቶኝ ደጃፋችን ላይ እገለብጥ ነበር።

ለአባቴ ደውዬ «ቶሎ አንሣው» ልለው እችል ነበር። እጄ ወደ ራሴ ስልክ ሄዶ ነበር። ግን የአማኑ ሁለተኛ ጥያቄ መጣብኝ፤ ከኋላ የሚመጣው ሰው ያየዋል? አያየውም። ለትራፊክ ፖሊስ አስተላለፍኩ።

አባቴ ባለሙያ ይዞ ሲመለስ ፖሊሶች ጠበቁት። መንጃ ፈቃዱን ለአንድ ወር ያዙበት። ማታ እራት ላይ፣ «ያን ጠቋሚ ባገኘው!» እያለ እንጀራውን ሳይጠቀልል ጎረሰ። እኔ ወጡን ብቻ አየሁ።

ለአማኑ የነገርኩት በነጋታው ነው። ሰበታ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ነበር። ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«የአባትሽ መኪና ነው?»

«የአባቴ ነው። አንተ ደወልክ፤ እኔ ተቀበልኩ። እሱ ምንም አያውቅም። ዝም እንበል፤ ከሠርጉ በኋላ እንነግረዋለን።»

«አይሆንም። ኦቦ ዲኖ ገና ከመቀመጣቸው ይንገሩት።»

«ይከለክልሃል!»

«ይከልክለኝ። በኋላ ቢሰማ መደወሌን ይቅር ይለኛል፤ መደበቄን ግን አይረሳልኝም።»

ተኮራረፍን። ሦስት ቀን አልደወለም። የሰበታ መንገድ እንደዚያ ሰላም ሆኖ አያውቅም። በአራተኛው ቀን ደወለ።

«የወደቀ ዛፍ አለ እመቤቴ። እጄ አይችለውም።»

ቦታውን መዘገብኩ። «ሌላ የሚጨምሩት አለ?»

«ሻይ ቤት ያልኩት እንዳለ ነው።»

ደራርቱ እርሳሷን ይዛ ታየኛለች።

«ተመዝግቧል ጌታዬ» አልኩት።

ሽማግሌዎቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው እናቴ ተስፋነሽ ጓዳ ጠራችኝ። ስለ አማኑ ሁሉንም ነግሬያት ነበር። «አባትሽ ያልነገረሽ ነገር አለ» አለችኝ። «የዚያን ቀን ገበያተኛ የጫነ ሚኒባስ የቆመው ትራፊኩን አይቶ ነው። አስፋልቱ ላይ የፍሬኑ ምልክት አለ። ከምልክቱ እስከ መኪናው ያለውን አባትሽ በክንዱ ለክቶታል። ሁለት ክንድ ነው። እንቅልፍ የለውም።»

«ታዲያ ለምን ይሳደባል?»

«ራሱን ይስደብ?» አለችኝ እናቴ።

እሑድ ተረኛ ሆኜ ገባሁ። ቤት ብውል በር ሥር ቆሜ ስሰማ ይይዙኝ ነበር። አማኑ ሽማግሌዎቹን አድርሶ ውጭ ይጠብቃል። አራት ሰዓት ላይ «ገቡ» ብሎ ጻፈልኝ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። አምስት ሰዓት ሆነ። ስድስት ሊሆን ሆነ። ደራርቱ ሁለት ጊዜ ውኃ አመጣችልኝ፤ ሁለቱንም ራሷ ጠጣችው።

ስልኩ ጮኸ።

«የድንገተኛ ጥሪ ማዕከል። ምን ልርዳዎት?»

ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው ሰማሁ። ያን ጉሮሮ የማያውቅ የሰፈራችን ሰው የለም።

«ሳህሉ እባላለሁ» አለ አባቴ። «ሹፌር ነኝ። የመንገድ አደጋ ላመለክት ነው። እርስዎን ማስቸገር ሆነ።»

አባቴ በሕይወቱ «እርስዎ» ብሎኝ አያውቅም። እንባዬ መጣ፤ ግን ሥራ ላይ ነኝ።

«የአደጋው ዓይነት?»

«ድንጋይ ነው። የጥዱ ኩርባ ላይ። ባለፈው ወር መኪናዬ ተበላሽቶ ያስቀመጥኩት ነው፤ ስሄድ አላነሣሁትም። አሁን እያነሣነው ነው። መኪና ቀስ እንዲል ሰው ላኩልን።»

«ማስጠንቀቂያ ምልክት አቁመዋል?»

«አቁሜያለሁ። አዲስ ነው። ላስቲኩን አሁን ነው የቀደድኩት።»

ደራርቱ ወንበሯን አስጠግታ ጆሮዋን ከጆሮዬ ጋር አጣበቀች።

«ተጎጂ አለ?»

«የለም። ሰው ደውሎ አተረፈኝ፤ ማን እንደሆነ ዛሬ ኦቦ ዲኖ ነገሩኝ።»

ፎርሙ ላይ የሚቀጥለውን ጥያቄ ቃል በቃል አነበብኩት።

«አብሮዎት ያለ ሰው አለ? ማን ነው?»

ከሩቅ የአማኑ ድምፅ ተሰማኝ፤ «ጋሼ፣ ይሄኛውን ለሁለት ነው የምናነሣው» ይላል።

«አለ» አለ አባቴ። «አማቼ ነው።»

እጄን አፌ ላይ አደረግኩ። ደራርቱ ጠረጴዛውን መታችው።

«ሽማግሌዎቹስ?» አልኩ፤ ደንቡ ጠፋኝ።

«ቤት ናቸው፤ እናትሽ እያበላቻቸው ነው። መልሱን ገና አልነገርኳቸውም፤ ድንጋዬን ሳላነሣ አፌ አልከፈት አለ። አንቺ ቀድመሽ ስሚ ብዬ ነው።»

አልቅሼም ስቄም ነበር፤ ሁሉም ተቀድቷል።

«በሉ እመቤቴ» አለ አባቴ ወደ «እርስዎ» ተመልሶ። «ከመዘገቡ ስልኩን ይዝጉት። መስመሩ ለሌላም ሰው ይፈለጋል።»