ነመራ «አቤት» ያላለበት ቀን

ሻሽቱ የመቱ ልጅ ናት፤ ያኔ ዐሥር ዓመቷ ነበር። ቤታቸው ወደ ሶር ወንዝ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ከእትዬ በየነች ግቢ ጋር አጥር ለአጥር ነበር። ጊዜው ጣልያን ከወጣ ሃያ ዓመት ያህል ቢሆነው ነው።

እስቲ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ትንንሽ ልጆች የሚውሉበት ጥሩ ቤት ምን ዓይነት ቤት ነው? ትልቅ ቤት? ቆርቆሮ የለበሰ? መጫወቻ የሞላበት? ቆዩ፣ ቆዩ፣ ሁላችሁም አትጩሁብኝ! እጃችሁን አውርዱና ስሙ።

ኅዳር ላይ ቡናው ሲቀላ የመቱ እናቶች ለለቀማ ጫካ ይገባሉ። ልጃቸውን አዝለው ቢሄዱ ጉንዳን ይበላዋል። ቤት ቢተዉት እሳት አለ፣ ወንዝ አለ። እትዬ በየነች ይህን አይተው አላስችል አላቸው። የራሳቸውን ልጆች አሳድገው የጨረሱ ሴት ነበሩ። «ወደ እኔ አምጧቸው፤ እኔ ምን ሥራ አለኝ?» አሉ። እንዲህ ብለው ዐሥራ ሁለት ሕፃናት ሰበሰቡ። ምን ሥራ አለኝ ያሉት ሴትዮ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁጭ ብለው አያውቁም።

ቤታቸው የሣር ክዳን ነው። ግን ግቢውን ባያችሁት! የውኃ ጉድጓዱ በወፍራም ሳንቃ ተከድኗል። ምድጃው ዙሪያውን ታጥሯል። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ጣሳ አለው፤ ማንበብ ስለማይችሉ በየጣሳው ላይ በምስማር ሥዕል ተጭሮበታል። የአንዷ ዶሮ ነው፣ የሌላው ማንኪያ። የትንሹ የነመራ በሬ ነበር፤ ለነገሩ ባለ አንድ ቀንድ በሬ ነው፣ እትዬ በየነች ሥዕል ላይ እስከዚህም ናቸው።

ከሁሉም በላይ ግን ሴትዮዋ ራሳቸው! ልጅ ሲቀበሉ ከእናት እጅ ወደ እጃቸው ነው። በርከክ ብለው ዓይኑን ያዩታል፣ በስሙ ይጠሩታል። አማርኛ የማያውቅ ከሆነ በእናቱ ቋንቋ በኦሮምኛ «ኮቱ፣ ና የኔ ጌታ» ይሉታል። የሚያለቅሰውን ልጅ «ዝም በል!» አይሉትም። «እማዬ ሄደችብህ፣ አይደል? ጀምበር ሳትጠልቅ ትመጣለች» ይሉታል። እሳቸው ትመጣለች ካሉ ትመጣለች። ቀኑም አይዛባም፤ ጨዋታ፣ ምሳ፣ እንቅልፍ፣ ከእንቅልፍ ሲነሡ እጅ መታጠብ፣ ከዚያ ዳቦ በማር። ልጆቹ ቀጥሎ የሚመጣውን ስለሚያውቁ ልባቸው ያርፋል።

አንድ የማይታገሡት ነገር ነበራቸው። አንድ ቀን ረዳታቸው ምንዳዬ አልተኛም ያለ ልጅ ላይ «ጅብ ይመጣል!» ብትል በቁጣ ወረዱባት።

«በእኔ ግቢ ልጅ በጅብ አይስፈራራም! እንቅልፍ እንቢ ካለው ዓይኑን ገልጦ ይጋደም!»

ሻሽቱ ይህን ሰምታለች። ጠዋት ተምራ ከሰዓት በኋላ እትዬ በየነችን ትረዳ ነበር። ሳድግ እንደ እሳቸው ነው የምሆነው ትል ነበር፤ ሽንት ጨርቅ እስከማጠብ ድረስ ሥራ አትንቅም። ጎበዝ ልጅ ናት። አሁን የምነግራችሁን ስትሰሙ ይህንንም እንዳትረሱ።

አንድ ሐሙስ ቀን ምንዳዬ ወፍጮ ቤት ሄዳለች። ልጆቹ እንቅልፍ ላይ ሳሉ አንዲት ሕፃን ሰውነቷ እንደ እሳት ተቃጠለ። እትዬ በየነች ክው አሉ። ሕፃኗን ታቅፈው ወደ ሐኪም ቤት ሲነሡ፣ «ሻሽቱ፣ የኔ ልጅ፣ ከበሩ ንቅንቅ እንዳትዪ። አሁን እመጣለሁ» አሏት።

«እሺ፣ እትዬ» አለች።

እሺ ማለት እንዴት ቀላል ነው!

ብዙም ሳትቆይ ከመንገዱ ማዶ ዘፈን ተሰማ። ነጋዴው ጋሼ ሙነወር አዲስ የሸክላ ማጫወቻ አምጥተው፣ እጀታውን እየጠመዘዙ ሱቃቸው በር ላይ ያዘፍኑታል። ሰፈሩ በሙሉ ተሰብስቧል። ልጃቸው ኩልሱም የሻሽቱ ጓደኛ ናት፤ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ ብላ፣ «ነይ እንጂ! ሣጥን ውስጥ ሰው ያለ ነው የሚመስለው!» አለቻት።

«ልጆች እየጠበቅሁ ነው።»

«ተኝተዋል አይደል? አንድ ዘፈን ብቻ!»

ሻሽቱ ወደ ውስጥ ተመለከተች። ዐሥሩ ተኝተዋል። ነመራ ግን ዓይኑ ፍጥጥ እንዳለ ነው። አራት ዓመቱ ነው፤ ከተነሣ ደግሞ ይከተላታል። ምን ታድርግ? ወደ ጆሮው ጠጋ አለችና እንዲህ አለችው፦

«ስማ፤ ውጭ ጅብ አለ። የሰው ድምፅ አስመስሎ ስም ይጠራል። ‹አቤት› ያለውን ልጅ ይበላዋል። ትንፍሽ እንዳትል!»

ነመራ ብርድ ልብሱን እስከ ግንባሩ ሳበ። ሻሽቱ ሮጠች።

አንድ ዘፈን ብቻ ነበር የተባለው፤ ሦስት ሰማች። ስትመለስ የነመራ ሰሌን ባዶ ነበር።

«ነመራ!» አለች። ዝም። ከቤቱ ኋላ ዞረች። «ነመራ!» ዝም። ይህኔ እትዬ በየነች ሕፃኗን አሽረው... አሽረው እንኳ አይባልም፣ መድኃኒት አስውጠው መጡ።

«ነመራስ?»

«ተኝቶ ነበር፤ እኔ አላየሁም» አለች ሻሽቱ።

አያችሁ? ቅድም አንድ ውሸት ነበረች። አሁን ሁለት ሆነች።

ሰፈሩ ተናወጠ። ጋሼ ሙነወር ሱቃቸውን ዘግተው ወደ ወንዙ ወረዱ። ጎረቤቱ ጓሮ ለጓሮ ተበተነ። ሁሉም አንድ ነገር ይጮኻል፦ ነመራ! ነመራ! የነመራ እናት ዲሪቤ ከቡና ለቀማ በሩጫ መጣች። እግሯ በእሾህ ተቧጥጦ፣ ነጠላዋ የሆነ ቦታ ወድቆ፣ «ነመራ ኮ! የኔ ነመራ!» እያለች ትጣራለች። ሌላ ልጅ የላትም።

ሻሽቱ አጥሩ ሥር እንደተቀመጠች ያን ጩኸት ሰማች። ድንገት አንድ ነገር ገባት። ነመራ እየሰማ ቢሆንስ? እናቱ በጮኸች ቁጥር ጅቡ ነው ብሎ እየተደበቀ ቢሆንስ?

ብናገር እናቴ ትገርፈኛለች፣ አለች በልቧ። እትዬ በየነች ያባርሩኛል። ከእንግዲህ ማን ያምነኛል? ዝም ብልስ? ዝም ካለች ደግሞ ልጁ እዚያው ይመሻል፤ ወይም ፈርቶ ወደ ወንዙ ይሮጣል። «አምላኬ፣ አቅም ስጠኝ» አለችና ተነሣች። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በዲሪቤ ፊት፣ ሁሉንም ተናገረች። ሸክላውንም፣ ጅቡንም፣ «አላየሁም» ያለችውንም።

ዲሪቤ ዓይኗን ሳትነቅል አየቻት። ከዱላ ይልቅ ያ አስተያየት ያማል።

እትዬ በየነች ቁጣቸውን ዋጡት። ወደ ሰዉ ዞሩና፣ «በቃ! ማንም ስሙን እንዳይጠራ!» አሉ። ሁሉም ጸጥ አለ። ከዚያ ያደረጉትን ብታምኑም ባታምኑም፣ ልጆቹን ሰብስበው ጆግ አመጡና እጅ ማስታጠብ ጀመሩ።

«ኧረ ልጄ ጠፍቶ...» አለች ዲሪቤ።

«ይስማን» አሏት እጇን ጥብቅ አድርገው ይዘው። «የተለመደውን ነገር ይስማ። ጅብ እጅ አያስታጥብም።»

ልጆቹ እንደ ወትሮው መዳፋቸውን እያጨበጨቡ ዜማቸውን አወጡ፦ «ውኃ ውኃ ና በእጄ፣ ቆሻሻው ሂድ ከደጄ!» ዳቦው ተቆረሰ፣ ማሩ ተቀባ። ጣሳዎቹ ተንኳኩ። ዲሪቤ ከንፈሯን ነክሳ ትጠብቃለች።

በግቢው ጥግ ካለው የእህል ጎተራ ሥር ገለባው ተንቀሳቀሰ።

ፈላጊዎቹ እዚያ ሁለት ጊዜ ጎንበስ ብለው አይተው ነበር፤ እሱ ግን ገለባው ውስጥ ገብቶ ተቀብሮ ኖሯል። ነመራ በዳዴ ወጣ። ልጆቼ፣ ሁለቱን እጆቹን አፉ ላይ ጥርቅም አድርጎ ይዞ ነበር። «አቤት» የምትለዋ ቃል እንዳታመልጠው! ስንት ጊዜ እየጠሩት እንዲያ አድርጎ ቆየ መሰላችሁ!

እናቱ አነሣችው። ሁለቱም አለቀሱ፤ እትዬ በየነችም አለቀሱ። ነመራ እጁን ከአፉ ላይ ቀስ ብሎ አነሣና፣ «ጅቡ ሄደ?» አለ።

ሻሽቱ ተንበረከከች። «ጅብ አልነበረም፣ ነመራ። እኔ ዋሽቼህ ነው። ስትጠራህ የነበረችው እናትህ ናት።»

«እማዬ ነበረች?» አለና ወደ እናቱ ዞሮ ፊቷን ዳሰሰው።

ሻሽቱ ይህንን ስትሰማ ነው የምር የተንሰቀሰቀችው።

እትዬ በየነች ለዲሪቤ እንዲህ አሏት፦ «ዲሪቤ፣ ጥፋቱ የእኔም ነው። ዐሥራ አንድ ሕፃን ለአንዲት ልጅ ትቶ መሄድ አይገባኝም ነበር፤ ጎረቤት መጥራት ነበረብኝ። ነገም ልጅሽን ካመጣሽልኝ ይህ አይደገምም።» ዲሪቤ ነመራን አቅፋ ወደ ቤቷ ሄደች። በማግስቱ ግን አመጣችው። ጥፋቱን የማይደብቅ ሰው ይታመናላ!

ሻሽቱንም አላባረሯትም። «ከነገ ጀምሮ ብቻሽን አትጠብቂም፤ ከእኔ ጋር ትውያለሽ። አመኔታውን ያጠፋሽው አንቺ ነሽ፤ መልሰሽ የምትሠሪውም አንቺ ነሽ» አሏት።

በማግስቱ ሻሽቱ በርከክ ብላ «ነመራ» አለችው። ዝም አላት። በሦስተኛውም ቀን ዝም። በሳምንቱም ዝም። እሷ ግን አልተቆጣችም፣ በከረሜላም አላባበለችውም። እጁን ታስታጥበዋለች፣ እመጣለሁ ካለች ትመጣለች፣ አልሄድም ካለች አትሄድም።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ዳቦ እየቀባች ሳለ፣ ዞር ሳትል እንዲሁ እንደ ልማዷ «ነመራ?» አለች።

«አቤት!» አለ ከኋላዋ።

ልጆቼ፣ ትንሽ ልጅ በሰላም የሚውለው የሚጠብቁት ሰዎች ሳያስፈራሩት እውነቱን ሲነግሩትና ቃላቸውን ሲጠብቁለት ነው፤ ስለዚህ ታናናሾቻችሁን በውሸት አታስፈራሩ፣ ካጠፋችሁም ቶሎ ተናገሩ።