ያልወረደችው ክር

የዘፈን መምህሩ ጉሩጂ ከሻቭራኦ ታንፑራ የሚባለውን አንገተ ረጅም የክር መሣሪያቸውን እንዳቀፉ ሞተው ተገኙ። ፀሐይ ገና መውጣቷ ነው። ክንዳቸው ደርቆ ታንፑራውን ለማስለቀቅ ሁለት ፖሊስ ታገለ። አጠገባቸው የነበረው ወተት መርዝ ተገኘበት፤ ወተቱን ያቀረበችው ደግሞ ልጃቸው ቫትሳላ ናት። በቃ፣ የጓሊዮር ከተማ ሰው ምላስ ዳኛ ሳይጠብቅ ገመዱን አንገቷ ላይ አጠለቀላት።

መርማሪዋ ኢንዱማቲ መጣች። በልጅነቷ ዘፈን ስትማር ድምፅሽ የአህያ ነው ተብላ ተባራለች አሉ። ጆሮዋ ግን የዋዛ አልነበረም።

ቫትሳላ እያለቀሰች ነገረቻት፤ ሊነጋ ሲል ስትገባ ተማሪው እየዘፈነ፣ አባቷ ጀርባቸውን ሰጥተው አንገታቸውን ደፍተው ነበር፣ ልምምድ ላይ ያለ ሰው ደግሞ አይረበሽም፣ ወተቱን አስቀምጣ ወጣች። የጉሩጂ የድሮ ተማሪ ሽሪዳር ግን ጉዷን አፈላው። ጉሩጂ ጎህ ሳይቀድ ላሊት የሚባለውን የንጋት ዜማ ሲያስጠኑት እንደነበር፣ ፍጹም ጤነኛ እንደነበሩ ተናገረ።

«ጎረቤት የሰማው አንድ ድምፅ ነው፤ ያንተን» አለችው ኢንዱማቲ።

«አዎ እትዬ። እኔ ስዘፍን እሳቸው ታንፑራውን ይመቱልኝ ነበር።»

ኢንዱማቲ የታንፑራውን የመጀመሪያ ክር በጥፍሯ ነካ አደረገችና ማንም እንዳይነካው አዘዘች። ከዚያ ወጥታ ወሬ ለቃቀመች። ጉሩጂ የቤቱን ምስጢር ዜማዎች ለቫትሳላ ላወርስ ነው ብለው ነበር ለካ። ትናንት አመሻሽ ካዘፈኑት በኋላ ፓን የሚባለውን የሚታኘክ ቅጠል ያጎረሳቸውም ሽሪዳር ነው።

ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«ወንድሜ ሽሪዳር፣ እስቲ ላሊትን ዝፈንልን። እኔ ልምታልህ።»

መታች። ሽሪዳር አፉን ከፈተ። ድምፁ ሳይወጣ እጁ ራሷ ተነስታ ወደ መቃኛው ሄደች፤ መንገድ ላይ ደንግጣ ቆመች።

«ምነው? አውርዳት እንጂ» አለች። «ላሊት ‹ፓ› የምትባለውን ድምፅ አይነካም። ይቺ ክር ወደ ‹ማ› ካልወረደች ማንም አይዘፍነውም። አሁንም ‹ፓ› ላይ ናት፤ የትናንት አመሻሽ ቅኝት። ጉሩጂ ንጋትን አላዩም። ንጋት ላይ የሞተ ሰው ፀሐይ ስትወጣ እንዲህ አይደርቅም። ማታ በፓኑ መረዝካቸው፣ ንጋት ላይ ብቻህን ዘፈንክ። ክሯን ልታወርድ እንዳትችል ታንፑራው ሬሳው እቅፍ ውስጥ ነበር። ቫትሳላ ስትወጣ ወተቱን መረዝከው።»

የሽሪዳር እጅ አየር ላይ እንደቀረች ነበር።

«ከሷ በፊት ልጃቸው እኔ ነበርኩ» አለ።

ቫትሳላ ቀና ብላ አየችው።

«እኔም ወንድሜ ትመስለኝ ነበር» አለችው። ሽሪዳር እጁን ለፖሊሱ ካቴና እየሰጠ አለቀሰ።